ሁዳዴን ሰውነትን ሳይጎዱ መጾም፦ ከቅበላ በፊት እስከ ፋሲካ ማግስት

ሁዳዴ በገባ ሳምንት ደሴ ከተማ ፋርማሲ በር ላይ ትንሽ ብትቆሙ የሚጠየቀው መድኃኒት ተመሳሳይ ነው። የጨጓራ፣ የራስ ምታት፣ የሆድ ድርቀት። በፋሲካ ማግስት ደግሞ ጥያቄው ወደ ቁርጠትና ማስመለስ ይዞራል። ሰው ጾሙን ይከሳል። እኔ ግን አብዛኛው ጣጣ የሚመጣው ከጾሙ ዙሪያ ነው ባይ ነኝ። ከመጀመራችን በፊት አንዘጋጅም። 9 ሰዓት ላይ ያገኘነውን እንጎርሳለን። ሲፈታ ደግሞ 55 ቀን ያመለጠንን በአንድ ሌሊት ለማካካስ እንሞክራለን።

ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሰውነታችሁ የመንፈስ ቅዱስ ቤተ መቅደስ ነው ብሎ ጽፏል። ቤተ መቅደስ ደግሞ ይጠረጋል፣ ይጠገናል እንጂ አይፈርስም። የኤልያስን ታሪክም አስቡት። አርባ ቀንና አርባ ሌሊት ወደ ኮሬብ ከመሄዱ በፊት መልአኩ ሁለት ጊዜ ቀስቅሶ አብልቶታል፣ አጠጥቶታል፣ በመሃል እንዲተኛም ትቶታል። ጾም ዝግጅት እንዳለው ከዚህ በላይ የሚያሳይ ታሪክ አላውቅም። ስለዚህ እኛም ከዝግጅቱ እንጀምር።

አንድ፦ ከቅበላ ሁለት ሳምንት በፊት ሁለት ሰው አናግሩ

ሁለቱ ሰዎች የነፍስ አባታችሁና ሐኪማችሁ ናቸው። ጤነኛ ወጣት ከሆናችሁ ይህን ማለፍ ትችላላችሁ። ስኳር፣ ግፊት፣ ኩላሊት፣ የጨጓራ ቁስለት፣ የሚጥል በሽታ ያለባችሁ፣ የቲቢ ወይም የኤችአይቪ መድኃኒት የምትወስዱ፣ ነፍሰ ጡርና የምታጠቡ እናቶች ግን አትለፉት።

ስታናግሯቸው አንድ ነገር ይዛችሁ ሂዱ። ጾም ሁለት ነገር አለው፤ ሰዓትና ምግብ። ብዙ ሰው «ወይ ሙሉውን እጾማለሁ ወይ እተዋለሁ» ብሎ ያስባል። ነገር ግን አንዱን ጠብቆ ሌላውን ማላላት ይቻላል። የስኳር ሕመምተኛ የሆነች እናት ሥጋና ወተት ሳትቀምስ በጠዋት ቁርሷን በልታ መድኃኒቷን ልትወስድ ትችላለች። ነፍሰ ጡር ከሆነች ደግሞ የነፍስ አባቷ ምግቡንም ሊያላሉላት ይችላሉ። ውሳኔው የእሳቸው ነው፤ ግን እውነቱን ካልነገራችኋቸው ሊወስኑ አይችሉም። «አብሽሪ፣ እችለዋለሁ» እያሉ ተደብቆ መውደቅ የወሎ እናቶች ጠባይ ነው። እባካችሁ ተናገሩ።

ሐኪሙን ደግሞ እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ ይህን ክኒን በባዶ ሆድ መዋጥ ይቻላል? የጠዋቱን ወደ ማታ ማዞር ይቻላል? መጠኑ ይቀየር? በራሳችሁ ክኒን አትግመሱ፣ አታቋርጡ። በተለይ ኢንሱሊን ዝም ብሎ የሚተው መድኃኒት አይደለም። ጾሙን እየጾሙ እጅ ከተንቀጠቀጠ፣ ላብ ካጠመቀ፣ ልብ ከመታ፣ ነገር ከተምታታ ስኳር ወርዷል ማለት ሊሆን ይችላል። መለኪያ ካላችሁ ከ70 በታች ካሳየ ሰዓቱን ሳትጠብቁ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ ጠጡ፣ ከዚያ ምግብ ብሉ። ያን ቀን ጾሙ እዚያ ላይ ያበቃል፤ ክርክር የለውም።

ስለ ጸበልም ጥያቄ ይነሳል። ጸበል መጠመቅና መድኃኒት መውሰድ አይጣሉም። አቡነ ጳውሎስ በፓትርያርክነታቸው ዘመን የኤችአይቪ ሕሙማን መድኃኒቱን ከጸበሉ ጋር አብረው እንዲወስዱ በአደባባይ ተናግረዋል። መጽሐፈ ሲራክም ምዕራፍ 38 ላይ ሐኪምን አክብር፣ እግዚአብሔር ፈጥሮታልና ይላል፤ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣ እርሱ ነው ይለናል። «እምነት ካለሽ ክኒኑን ጣይው» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ይህን ምዕራፍ አንብቡለት።

ሁለት፦ ቡናውን ቀስ በቀስ ቀንሱ

ወሎ ላይ ይህን መጻፍ ድፍረት ይጠይቃል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ ቀኑን የሚጀምር ሰው ሰኞ ጠዋት ድንገት ካቆመ ራሱን መታመሙ አይቀርም። ካፌይን የለመደ ሰው ካቋረጠ በግማሽ ቀን ወይም በአንድ ቀን ውስጥ ራስ ምታቱ ይነሳል፤ ለቀናትም ሊቆይ ይችላል። የመጀመሪያው ሳምንት «የጾም ራስ ምታት» ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ከቅበላ በፊት ባለው ሳምንት መጀመሪያ በረካውን ተዉ። ከሁለት ከሦስት ቀን በኋላ ቶናውን። ከዚያ የጠዋቱን አቦል ወደ ረፋድ፣ ቀጥሎ ወደ ከሰዓት ግፉት። ጾሙ ሲገባ ሰውነታችሁ ቡናውን ከ9 ሰዓት በኋላ መጠበቅ ለምዷል። ጎረቤት እንዳይቀየም ጠዋት ቡናው ላይ መቀመጥ ትችላላችሁ፤ ስኒውን ብቻ እለፉት።

ቅበላ ላይ ብዙ አልልም። ለሥጋ የስንብት ግብዣ አታድርጉለት።

ሦስት፦ ጓዳውን ፈትሹ

የሁዳዴ ጤና የሚወሰነው በሽሮው ነው። ሁለት ወር ገደማ በየቀኑ የምትበሉት እሱን ነውና በደንብ እንየው።

ጥሩ ሽሮ ከባቄላ፣ ከአተር ወይም ከሽምብራ ይሠራል። ችግሩ ጓያ ነው። ጓያ በወሎ ደጋ በጥቁር አፈር ላይ ይበቅላል፤ ዝናብ ሲያጥርም ይችላል፤ ዋጋውም ርካሽ ነው። ስለዚህ ሽሮ ውስጥ ይገባል። ጓያ በውስጡ ነርቭን የሚጎዳ ንጥረ ነገር አለው። አንድ ቀን ቢበሉት ምንም አይደለም። የዕለት ምግብ ዋናው ድርሻ ሆኖ ለወራት ሲበላ ግን እግርን ያልመሸምሻል፤ ሰው በዱላ መሄድ ይጀምራል፤ ከባሰም ይድሃል። የሚያድን መድኃኒት የለውም። ድርቅ በመታው ዘመን ጓያ ብቻ የበሉ ብዙ ጎበዞች በዚህ መንገድ ሽባ ሆነዋል።

እንዴት ትለያላችሁ? እህሉን በእጃችሁ ዘርጉት። አተር ድቡልቡል ነው። ሽምብራ አፍንጫ አላት። ጓያ ግን ጠርዝ ጠርዝ አለው፤ በአንድ በኩል ሰፋ፣ በሌላው ጠበብ ብሎ ትንሽ የመጥረቢያ ራስ ይመስላል። ከተፈጨ በኋላ ግን ማንም አይለየውም። ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው፦ የተዘጋጀ ሽሮ ከማታውቁት ሰው አትግዙ። እህሉን ገዝታችሁ፣ ለቅማችሁ፣ ቆልታችሁ ራሳችሁ ወፍጮ ቤት ውሰዱት። ጓያ ከመብላት ሌላ አማራጭ የሌለው ቤት ካለ ደግሞ ሌሊቱን ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት፣ በብዙ ውሃ ቀቅሎ ያንንም ውሃ መድፋት፣ ከጤፍ ከገብስ ጋር ማቀላቀል ጉዳቱን ይቀንሰዋል። ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም።

ጨው ስትገዙ አዮዲን ያለበትን፣ የታሸገውን ግዙ። ደጋ ላይ እንቅርት የበዛው ያለ ምክንያት አይደለም። ፀሐይ እንዳያየው ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡት፤ ወጡ ሊወርድ ሲል ጨምሩት። መጠኑ ደግሞ ለአንድ ሰው በቀን ከአንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ አይብለጥ። ምጥን ሽሮና በርበሬ ከነጨዋቸው ስለሚመጡ ሳትቀምሱ አትጨምሩ።

ዘይትስ? «የጾም ምግብ ቅባት የለውም» የሚባለው ተረት ነው። የጾም ወጥ በዘይት ላይ ተንሳፍፎ ሲመጣ በየቤቱ እናያለን። ደሴ ላይ በጠዋት ብርድ ጀሪካኑን ስታነሡት የረጋ ነጭ ነገር ካያችሁ ያ የፓልም ዘይት ነው፤ ለልብና ለደም ሥር ጥሩ አይደለም። የኑግ፣ የሱፍ፣ የሰሊጥ ዘይት ቢወደድም በትንሹ እሱን ተጠቀሙ። ትንሽ ስለምታፈሱ ዋጋው ይካካሳል።

ከዚህ ሌላ ተልባ፣ ሱፍ፣ ምስር፣ ሎሚና ቆስጣ ይኑራችሁ። ይበቃል።

አራት፦ 9 ሰዓት ላይ በዚህ ቅደም ተከተል ብሉ

ከቅዳሴ ስትወጡ ሆዳችሁ ባዶ ከሆነ ብዙ ሰዓት ሆኖታል። መጀመሪያ የሚገባው ነገር ወሳኝ ነው።

ለብ ያለ ውሃ ጠጡ፤ አንድ ብርጭቆ፣ ቀስ ብላችሁ። ከዚያ አንድ ስኒ አጥሚት ወይም የተልባ ውሃ። ተልባ ሆድን ያለሰልሳል፤ ድርቀትንም ይከላከላል። ተልባው ግን ቆልታችሁ የወቀጣችሁት ይሁን፤ ሳይደቅ ከተዋጠ እንዳለ ይወጣል። ውሃም ካልጠጣችሁበት ራሱ ያደርቃል። አሁን አሥር ወይም አሥራ አምስት ደቂቃ ተቀመጡ። ጸልዩ፣ ልጆቹን አነጋግሩ።

ከዚያ ወደ መሶቡ። የተለመደው ስህተት አንድ ሙሉ እንጀራ በአንድ ሽሮ ብቻ መብላት ነው። እንጀራውን ቀነስ አድርጉት። ከሽሮው ወይም ከምስሩ ጎን እሱን የሚያህል ጎመን፣ ቆስጣ ወይም ጥቅል ጎመን ይቀመጥ። እንጀራና ጥራጥሬ አብረው ሲበሉ የአንዱን ፕሮቲን ጉድለት ሌላው ይሞላዋል። አያቶቻችን ላቦራቶሪ ሳይኖራቸው ያገኙት ነገር ነው። ቃሉ፣ ኮምቦልቻና ከሚሴ አካባቢ የማሽላ እንጀራ የምትበሉም ያው ነው፤ ጥራጥሬው እንዳይቀር ብቻ።

አዚፋ ላይ ሎሚ ጨመቅ አድርጉ። ለጣዕም ብቻ አይምሰላችሁ፤ የጥራጥሬና የቅጠል ብረት ወደ ደም የሚገባው ሎሚ፣ ቲማቲም ወይም ጥሬ ቃሪያ ሲያግዘው ነው። ቡናና ሻይ ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋሉ። ስለዚህ ቡናው ከምግቡ አንድ ሰዓት ያህል ይራቅ። ደም ማነስ ያለባቸው ሴቶች ይህችን ነገር ቢይዙልኝ ደስ ይለኛል።

ሳምቡሳን በተመለከተ፦ በ2017 ዓ.ም. ረመዳንና ሁዳዴ ተደርበው ስለነበር የጎረቤት ሳህን ማታ ማታ በር ሲያንኳኳ ነበር። የምስሩ ሳምቡሳ ለእኛም ይሆናል። ተቀበሉ፣ አመስግኑ፣ ሳህኑንም ባዶ አትመልሱ። ግን ዘይት የጠገበ ጥብስ የመጀመሪያ ጉርሻ አይሁን። ጨጓራ ያለበት ሰው የሚከፍለው ሌሊት ነው።

ማታ 2 ሰዓት ገደማ ሁለተኛ ገበታ ይኑር፤ ቀለል ያለ። ንፍሮ፣ የሱፍ ፍትፍት፣ ድንች፣ ፍራፍሬ ካለ ፍራፍሬ። በልታችሁ ወዲያው አትተኙ፤ ቃር የሚያቃጥላችሁ ሰዎች ሁለት ሦስት ሰዓት ጠብቁ። ውሃውን በአንድ ጊዜ አትገልብጡት። ከ9 ሰዓት እስከ መኝታ ስድስት ስምንት ብርጭቆ አከፋፍሉት። ኮምቦልቻ ሙቀት ስለሆነ ላቡ ያስታውሳችኋል። ደሴና ወገልጤና ላይ ግን ብርዱ ጥማትን ይደብቃል፤ ሽንታችሁ ከጠቆረ ውሃ አንሷችኋል ማለት ነው።

ቅዳሜና እሁድ በጠዋት ይበላል። ምግቡ የጾም ቢሆንም ሰዓቱ ይላላል። እነዚህን ሁለት ቀናት ለመጠጣትና ለመተኛት ተጠቀሙባቸው፤ ልብስ አጠባና ጭቃ ማቡካት ሁሉ እዚያ ላይ አይከመር።

ገበሬ ከሆናችሁ ጉዳዩ ይከብዳል። የወሎ በልግ የሚታረሰውና የሚዘራው ልክ በሁዳዴ ነው። በሬ ይዞ በባዶ ሆድ እስከ 9 ሰዓት ማረስ ቀልድ አይደለም። ጎህ ሲቀድ ጀምሩ፤ ፀሐይ ሳትበረታ ፍቱ። የቀትሩን ሰዓት ለቀላል ሥራ ተዉት። ዓይናችሁ ከጨለመ ሞፈሩን አስቀምጡና ጥላ ውስጥ ጋደም በሉ።

ቫይታሚን ቢ12 ስለሚባለው ነገር ትጠይቁኛላችሁ። ከእንስሳት ምግብ ብቻ የሚገኝ ስለሆነ የጾም ምግብ ውስጥ የለም። ጤነኛ አዋቂ ጉበቱ ላይ ለዓመታት የሚበቃ ያከማቻል፤ በ55 ቀን አያልቅም። አጽዋማቱን ሁሉ የሚጠብቅ ሽማግሌ፣ ሜትፎርሚን ለብዙ ዓመት የወሰደ የስኳር ሕመምተኛና የምታጠባ እናት ግን ይመርመሩ። እግር መደንዘዝና የማይለቅ ድካም ምልክቱ ነው።

አምስት፦ ስግደቱን ከመጀመሪያው ሳምንት ተለማመዱት

ዓመቱን ሙሉ ጉልበቱን ሳያጥፍ ከርሞ ስቅለት ዕለት መቶ ጊዜ የሚሰግድ ሰው ሰኞ ከአልጋ አይነሳም። ስግደት ጸሎት ነው፤ ለሰውነት ግን ከባድ ሥራም ነው።

ቁመቱ እንዲህ ይሁን። እግራችሁን በትከሻችሁ ልክ ክፈቱ። አማትቡ። መጀመሪያ ጉልበት ይታጠፍ፤ ከወገብ አትጎንበሱ። መዳፍ መሬት ይንካ፤ ክብደታችሁን እጃችሁ ይቀበል። ከዚያ ጉልበት በቀስታ፣ ከዚያ ግንባር። ስትነሡ በእጃችሁ መሬቱን ግፉ፤ አንድ እግር አስቀድማችሁ ተነሡ። ጉልበታችሁን መሬት ላይ አትወርውሩት። ሲሚንቶ ከሆነ ጋቢውን አጥፋችሁ ከታች አንጥፉ። ስትወርዱ አየር አውጡ፣ ስትነሡ ሳቡ።

በዘወረደ ሳምንት ሳይከብዳችሁ በምትችሉት ቁጥር ጀምሩ። በየሳምንቱ ጥቂት ጨምሩ። የጾሙ እኩሌታ ደብረ ዘይት ላይ ስትደርሱ ጭናችሁ ተላምዷል። በጥድፊያ ከሆነ ጸሎቱም ስለሚጠፋ ቁጥር አትወዳደሩ።

የዲስክ መንሸራተት፣ የጉልበት ሕመም፣ ከፍተኛ ግፊት ወይም የዓይን ግፊት ያለባችሁ፣ ነፍሰ ጡሮችም፣ ቆማችሁ አንገታችሁን ደፍታችሁ ስገዱ። የነፍስ አባታችሁን ጠይቁ፤ አብዛኛዎቹ «በልብሽ ስገጂ» ይላሉ። ረጅም ቅዳሴ ላይ ስትቆሙም ጉልበታችሁን አታድርቁት። ክብደቱን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው አዘዋውሩ፤ ተረከዛችሁን ከፍ ዝቅ አድርጉ። መቋሚያ የተሠራው ለመደገፍ ነው፤ ሽማግሌዎች ብቻ የሚይዙት አይደለም።

ስድስት፦ ሕማማት

በዚህ ሳምንት ሰዓቱ ይረዝማል፤ ስግደቱም ይበዛል። ስለዚህ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ማታ ማታ ውሃውን አታጓድሉ፤ እንቅልፍ አትስረቁ። ለስቅለት ጥላ ያለበት ቦታ ፈልጉ። ልጆችና አዛውንቶች ካላችሁ ከጎናችሁ አቁሟቸው።

አክፍሎት የሚያከፍል፣ ማለትም ከስቅለት እስከ ፋሲካ ሌሊት ሳይበላ ሳይጠጣ የሚቆይ ሰው ጤናውን አውቆ ይግባበት። ስኳር፣ ኩላሊት፣ የጨጓራ ቁስለት፣ በየቀኑ የሚዋጥ መድኃኒት ያለበት ሰው አያክፍል። ጤነኛውም ቢሆን ቆሞ ዓይኑ ከዞረ ይቀመጥ። ሽንት ሙሉ በሙሉ ከቆመ፣ ነገር መቀባጠር ከጀመረ ግን ቤተሰብ ዝም አይበል፤ ውሃ ይስጡት፣ ካልነቃ ሆስፒታል ይውሰዱት።

ሰባት፦ የፋሲካ ሌሊት

እናቶቻችን ከቅዳሴ ስንመለስ መጀመሪያ ተልባ ያጠጡን የነበረው ለወግ አይደለም። ሁለት ወር ቅቤ ያላየ ሆድ በሌሊት ዶሮ ወጥ፣ እንቁላል፣ ዓይብ፣ ጠላና አረቄ ሲደረደርበት ይደነግጣል። ተልባውን ጠጡ። ትንሽ ዓይብ በትንሽ እንጀራ። ከዶሮው አንድ ብልትና ትንሽ ወጥ። ከዚያ ተኙ። ዶሮው የትም አይሄድም፤ ጠዋትም አለ።

ቅቤውን ለሦስት ቀን ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። ጎመኑና ምስሩ ከገበታው አይጥፋ። አረቄና ጠላ በባዶ ሆድ አይቀመስ። ጥሬ ሥጋ የኮሶ ትል ያመጣል፤ በየዓመቱ እየበላን በየዓመቱ መድኃኒት እንውጣለን፤ የዘንድሮውን ጠብሱት። የተረፈውን ወጥ ሳይበሰብስ በደንብ አንተክትካችሁ አሙቁት። ከቀኝ ጎድን በታች የሚጨመድድ ሕመም፣ ደም ያለበት ማስመለስ ወይም እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ ካያችሁ ግን የተለመደ ቁርጠት ነው ብላችሁ አትቀመጡ፤ ሐኪም ጋ ሂዱ።

ነቢዩ ኢሳይያስ ምዕራፍ 58 ላይ ጾም ማለት እንጀራህን ለተራበ መቁረስ አይደለምን ይላል። በሁዳዴ ያልተገዛው የሥጋ ዋጋ ስንት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ፋሲካ ከመድረሱ በፊት ለአንድ ጎረቤት ቤት እንቁላልና ዘይት አድርሱበት። ድግሳችሁም ያንሳል፤ ለሆዳችሁም ይሻላል።

ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ 50 ቀን ረቡዕና ዓርብ አይጾምም፤ ያኔ ነው ክብደት የሚጨምረው። ረቡዕና ዓርብ የለመዳችሁትን ሽሮና ጎመን በፈቃዳችሁ አቆዩት፤ ማንም አይከለክላችሁም። በጾሙ ምክንያት የመድኃኒት ሰዓት ወይም መጠን የቀየራችሁ ሰዎች ደግሞ በፋሲካ ማግስት ሳምንት ወደ ሐኪማችሁ ተመለሱ። ስኳራችሁንና ግፊታችሁን አስለኩ፤ መድኃኒቱ በየትኛው ሰዓት እንደሚቀጥል በወረቀት ላይ አስጽፋችሁ ያዙ።